የጉሮሮ ጎዝ በሳይነስ ቀዶ ሕክምና

የጉሮሮ ጎዝ ታካሚው በሙሉ ሰመመን ተኝቶ ሳለ በጉሮሮው ውስጥ፣ በመተንፈሻ ቱቦው ዙሪያ የሚጠቀጠቅ የጎዝ ጥቅል ወይም ስፖንጅ ነው። በአፍንጫ፣ በሳይነስ፣ በአፍና በጥርስ ቀዶ ሕክምናዎች ያገለግላል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥም «ትሮት ፓክ» እየተባለ ይጠራል። ዓላማው ከላይ የሚወርደውን ደም መጥጦ ወደ ሳንባም ሆነ ወደ ጨጓራ እንዳይገባ ማገድ ነው።

ይህ ልማድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥያቄ ሳይነሣበት ኖሯል። በ21ኛው ክፍለ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ግን ጥቅሙን በተጨባጭ ማሳየት አልቻሉም። በአንጻሩ ታካሚዎች ከነቁ በኋላ ለጉሮሮ ሕመም እንደሚዳርግ ታይቷል፤ ጎዙ ተረስቶ ጉሮሮ ውስጥ ሲቀር ደግሞ ትንፋሽ ዘግቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ያለው የባለሙያዎች ምክር የጉሮሮ ጎዝ ለሁሉም ታካሚ በልማድ የሚደረግ ሳይሆን በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ፣ በጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግ መሆን አለበት የሚል ነው።

ደሙ የሚሄድበት መንገድ

ሳይነሶች በፊት አጥንቶች ውስጥ የሚገኙ በአየር የተሞሉ ክፍተቶች ናቸው። በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተጀርባ በጥልቀት፣ በአራት ጥንድ ይመደባሉ። ሁሉም በጠባብ መውጫ ወደ አፍንጫ ይከፈታሉ። መውጫው በቆየ ብግነት ወይም በፖሊፕ ሲደፈንና መድኃኒት አልመልስ ሲል፣ ከአንገት በላይ ሐኪሙ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ኢንዶስኮፕ አስገብቶ መንገዱን ይከፍታል። ይህ ዘዴ በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ በቫልተር መሰርክሊንገር ሥራዎች የተመሠረተ ነው። በኋላም ሃይንስ ሽታምበርገር በአውሮፓ፣ ዴቪድ ኬኔዲ ደግሞ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ አስፋፍተውታል።

የአፍንጫና የሳይነስ ሽፋን በደም ሥር የበለጸገ ስለሆነ ሲነካ ቶሎ ይደማል። ታካሚው በጀርባው ተንጋሎ ስለሚተኛ ከደሙ ከፊሉ በአፍንጫ ቀዳዳ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ኋላ፣ ከለስላሳው ላንቃ በስተጀርባ ወዳለው ክፍተት ይወርዳል። ከዚያ ወደ ጉሮሮ ይደርሳል፤ ጉሮሮ ላይ ደግሞ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የፊተኛው በማንቁርት በኩል ወደ አየር ቧንቧና ወደ ሳንባ ያመራል፤ የኋለኛው በምግብ ቧንቧ በኩል ወደ ጨጓራ ይወርዳል። የጉሮሮ ጎዝ የሚቀመጠው ከዚህ መንታ መንገድ በላይ ነው።

አመጣጡ

ልማዱ ለምን እንደተጀመረ ለመረዳት የመተንፈሻ ቱቦ ዛሬ ያለውን ቅርጽ ከመያዙ በፊት የነበረውን ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። በፊትና በአፍ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞችን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ጉዳይ ደም ወደ ሳንባ መግባቱ ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ በ1871 እ.ኤ.አ. በአንገት ቀዳዳ በኩል ወደ አየር ቧንቧ የሚገባና ዙሪያውን በሚነፋ ፊኛ የሚዘጋ ቱቦ ለዚሁ ችግር መፍትሔ አድርጎ አቅርቦ ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ሲድከፕ ሆስፒታል ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ የሰመመን ባለሙያዎቹ አይቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦተም በአፍ ወይም በአፍንጫ ወደ አየር ቧንቧ የሚገባውን ቱቦ አሻሻሉት። በዚያ ዘመን ቱቦው ዙሪያውን የሚዘጋ ነገር ስላልነበረው በቱቦውና በአየር ቧንቧው ግድግዳ መካከል ክፍተት ይቀር ነበር። ጉሮሮውን በጎዝ መጠቅጠቅ ያን ክፍተት ለመዝጋት የተገኘ ቀላልና ብልህ መፍትሔ ነበር። ማጊል በ1920 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጎበጥ ያለ መቆንጠጫ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል፤ የጉሮሮ ጎዝ ለማስገባትና ለማውጣትም ዋናው መሣሪያ እርሱ ነው።

በ1928 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ አርተር ጉደልና ራልፍ ዋተርስ በአየር የሚነፋ ካፍ ያለው ቱቦ አቀረቡ። ጉደል የፈጠራውን አስተማማኝነት ለማሳየት በሰመመን የተኛ የገዛ ውሻውን ቱቦ ካስገባለት በኋላ በውኃ ገንዳ ውስጥ ያሰጥመው ነበር፤ ውሻው ሳንባው ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይገባ በሕይወት ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ካፍ ያለው ቱቦ ቀስ በቀስ በመላው ዓለም የተለመደ ሆነ። ቱቦው ሲለወጥ ጎዙ ግን አብሮ አልቀረም። አየር ቧንቧውን የመዝጋት ዋናውን ሥራ ካፉ ከወሰደ በኋላም ጎዙ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ዘለቀ።

አሠራሩ

ጎዙ የሚገባው ታካሚው ከተኛና ቱቦው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው የሰመመን ባለሙያው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ያስገባዋል። ጥብጣብ መሳይ ረጅም ጎዝ በሳላይን ረጥቦ ይጨመቃል፤ ከዚያም በላሪንጎስኮፕ እየታየ በማጊል መቆንጠጫ በቱቦው ዙሪያ ይደረደራል። በተለያዩ ሆስፒታሎች በጎዝ ፈንታ ስፖንጅ ወይም ታምፖን የሚጠቀሙም አሉ። አንዳንዶች ጎዙን ጉሮሮ ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ ከለስላሳው ላንቃ በላይ፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው ክፍተት ያደርጉታል።

ለቀዶ ሕክምና የሚመረተው ጎዝ በራጅ ፎቶ የሚታይ ክር ተሸምኖበት ይመጣል። ይህ ክር ጎዙ ጠፍቶ ሲፈለግ በራጅ ለማግኘት ይረዳል። ቀዶ ሕክምናው እንዳበቃ፣ ታካሚው ከመንቃቱና ቱቦው ከመውጣቱ በፊት ጎዙ ወጥቶ ጉሮሮው ይጸዳል።

ይሰጣል የሚባለው ጥቅም

ለጉሮሮ ጎዝ የሚቀርቡት ምክንያቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ደም፣ ንፍጥና ስብርባሪ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መከላከሉ ነው። ሁለተኛው ደም ወደ ጨጓራ እንዳይወርድ ማገዱ ነው፤ በጨጓራ የተጠራቀመ ደም እንደሚያስመልስ ማንኛውም ከባድ ነስር የገጠመው ሰው ያውቃል። ሦስተኛው ካፍ በሌለው ቱቦ ዙሪያ የሚያመልጠውን አየር መቀነሱ፣ አራተኛው ደግሞ ቱቦው እንዳይንቀሳቀስ መደገፉ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውና ሦስተኛው በትክክል የተነፋ ካፍ ባለበት ቦታ ክብደታቸው ይቀንሳል። አራተኛውን ፕላስተር ወይም ማሰሪያ ይተካዋል። ስለዚህ በሳይነስ ቀዶ ሕክምና ክርክሩ በዋናነት ያለው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ጎዙ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ በእርግጥ ይቀንሳል ወይ?

ጥናቶች ያሳዩት

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በተለያዩ አገሮች በአፍንጫና በሳይነስ ቀዶ ሕክምና ላይ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈሉ ጥናቶች ተደርገዋል። አንዱ ቡድን ጎዝ ይደረግለታል፤ ሌላው አይደረግለትም። ከዚያም ማቅለሽለሹ፣ ማስመለሱና የጉሮሮ ሕመሙ በየሰዓቱ ይመዘገባል። አብዛኞቹ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ የጎዙ ዓይነትና የሰመመኑ ዘዴም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። እንዲያም ሆኖ ውጤታቸው ሲደማመር የሚያሳየው ሥዕል ተቀራራቢ ነው። ጎዝ የተደረገላቸው ታካሚዎች ካልተደረገላቸው ያነሰ እንደሚያስመልሱ አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ የጉሮሮ ሕመም ግን በጎዙ ወገን በዝቶ የታየባቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው።

ውጤቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ማስመለስ መነሻው አንድ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን አፕፈልና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መለኪያ አራት ነገሮችን ይቆጥራል፤ ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም በመኪና ጉዞ አስመልሶ ማወቅ፣ እና ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ። አንዱም የሌለበት ሰው የማስመለስ ዕድሉ 10 በመቶ ያህል ሲሆን አራቱም ያሉበት ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። በጋዝ መልክ የሚሰጡ የሰመመን መድኃኒቶችም ያቅለሸልሻሉ። ጎዙ ከእነዚህ መንሥኤዎች አንዱንም አይነካም።

ደሙንም ቢሆን ጎዙ ሙሉ በሙሉ አያግደውም። የጠገበ ጎዝ ተጨማሪ ደም መያዝ አይችልም፤ በጎንና በጎኑም ደም ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ ጎዙ የሚወጣው ታካሚው ከመንቃቱ በፊት ነው። ታካሚው ከነቃ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከአፍንጫው ወደ ኋላ የሚንጠባጠበውን ደም ራሱ ይውጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ጎዙ ከቦታው የለም።

በታካሚው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ከሁሉ የሚዘወተረው የጉሮሮ ሕመም ነው። ቱቦው ብቻውንም ጉሮሮን ያሳምማል፤ ጎዙ ግን ለስላሳውን ሽፋን ይፍቃል፣ ያደርቃል፣ ይጫነዋል። ሲገባና ሲወጣ መቆንጠጫው ላንቃን ወይም እንጥልን ሊያቆስል ይችላል። ተጠቅጥቆ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ከምላስና ከእንጥል የሚመለሰውን ደም ዘግቶ እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ በጉሮሮ ግድግዳ ያሉ ነርቮች የተጎዱባቸው አጋጣሚዎችም ተዘግበዋል። ጎዙ በሚገባበት ጊዜ ቱቦውን ሊያጥፈው ወይም ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ከገባ በኋላ የታካሚው አተነፋፈስ እንደገና መመርመር አለበት።

ጎዙ ሲረሳ

ከሁሉ የከፋው አደጋ ጎዙ ሳይወጣ ቱቦው መውጣቱ ነው። ቱቦው ሳለ ታካሚው በቱቦው ስለሚተነፍስ ጎዙ ምንም ምልክት አይሰጥም። ቱቦው በወጣባት ቅጽበት ግን በደም የራሰው ጎዝ በማንቁርቱ አፍ ላይ ይቀራል። ታካሚው ለመተንፈስ ይታገላል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል። በፍጥነት ካልተደረሰበት ልብ ይቆማል። በሌሎች አጋጣሚዎች ጎዙ ወደ ምግብ ቧንቧ ተውጦ ኋላ ላይ የተገኘበት ሁኔታ አለ፤ ታካሚዎች በማገገሚያ ክፍል ወይም በመኝታ ክፍላቸው ራሳቸው ያስመለሱትም አለ።

ለመረሳቱ ዋናው ምክንያት ጎዙ በማን ኃላፊነት ሥር እንዳለ ግልጽ አለመሆኑ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚጠቀምባቸውን ጎዞች መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትቆጥራለች። የጉሮሮውን ጎዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገባው የሰመመን ባለሙያው፣ ከራሱ ጋሪ አንሥቶ፣ ቆጠራው ሳይጀመር ነው። ስለዚህ ጎዙ ከቆጠራው ውጭ ይሆናል። በመካከል ባለሙያ ከተቀየረ፣ ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ ወይም ማብቂያው ላይ ጥድፊያ ካለ የሚያስታውሰው ሰው ይጠፋል። አደጋው ከአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን ከአሠራሩ ክፍተት የሚመነጭ በመሆኑ መፍትሔውም አሠራርን ማስተካከል ነው።

የወጡ መመሪያዎች

በእንግሊዝ ብሔራዊ የታካሚ ደህንነት ኤጀንሲ ከሆስፒታሎች የደረሱትን ሪፖርቶች መርምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በተረሱ የጉሮሮ ጎዞች ላይ ማሳሰቢያ አወጣ። ማሳሰቢያው ጎዝ በተደረገ ቁጥር ቢያንስ አንድ ለዓይን የሚታይ ምልክትና ቢያንስ አንድ የጽሑፍ ማስረጃ እንዲኖር ያዛል። ለዓይን የሚታየው በታካሚው ላይ ወይም በቱቦው ላይ የሚለጠፍ ምልክት፣ ጎዙን ከቱቦው ጋር ማሰር፣ ወይም የጎዙን ጫፍ ከአፍ ውጭ መተው ሊሆን ይችላል። የጽሑፉ ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ሁለት ሰዎች አይተው ማረጋገጣቸው በጽሑፍ መያዙ፣ ወይም ጎዙ በቆጠራ ሰሌዳው ላይ መመዝገቡ ነው። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት አሠራር ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሰውነት ውስጥ የተረሳ ባዕድ ነገር «ፈጽሞ መድረስ ከሌለባቸው» ክስተቶች መካከል ይመደባል።

በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር፣ የብሪታንያ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርና የብሪታንያ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር በጋራ የታተሙ ጥናቶችን በስልት አሰባስበው መረመሩ። የሰመመን ባለሙያዎች በልማድ የሚያስገቡት የጉሮሮ ጎዝ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ስላላገኙ ይህ ልማድ እንዲቀር መከሩ። ጎዝ ማድረግ ያስፈልጋል የሚል ባለሙያ ምክንያቱን እንዲያስረዳና ጎዙም እንደ ማንኛውም የቀዶ ሕክምና ጎዝ እንዲቆጠር አሳሰቡ።

ያለ ጎዝ ታካሚውን መጠበቅ

ጎዙን መተው ታካሚውን ያለ መከላከያ መተው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ደሙን ከምንጩ መቀነስ ነው። የታካሚውን ራስ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ፣ የአፍንጫውን ሽፋን በአድሬናሊን ወይም በሌላ የደም ሥር አጥባቂ መድኃኒት ማከም፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ረጋ አድርጎ መያዝ እንዲሁም ትራኔክሳሚክ አሲድ መስጠት ይረዳሉ። ሰመመኑን በጋዝ ፈንታ በደም ሥር በሚሰጥ ፕሮፖፎል ማስኬድ የቀዶ ሕክምናውን ቦታ ከማጥራቱም በላይ ማቅለሽለሽን ይቀንሳል።

ሁለተኛው የቱቦውን ካፍ በመለኪያ መቆጣጠር ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያለው ግፊት አየር ቧንቧውን ሳይጎዳ ይዘጋዋል። ሦስተኛው ማስመለስን በመድኃኒት አስቀድሞ መከላከል ነው፤ ዴክሳሜታዞንና ኦንዳንሴትሮን በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኙና የተፈተኑ መድኃኒቶች ናቸው።

አራተኛውና ፈጽሞ ሊዘለል የማይገባው፣ ቱቦው ከመውጣቱ በፊት ጉሮሮን በዓይን እያዩ በሰክሽን ማጽዳት ነው። በተለይ ከለስላሳው ላንቃ በስተጀርባ የሚጠራቀም የረጋ ደም ከአፍ በኩል አይታይም። ታካሚው ሲነሣ ወርዶ ማንቁርቱን ሊዘጋው ይችላል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ዘንድ የዚህ የረጋ ደም መጠሪያ ከአስከሬን መርማሪ ዳኛ የተወሰደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታካሚው ከሞተ በኋላ በአስከሬን ምርመራ ነበርና። ጉሮሮ ውስጥ የተቀመጠ ጎዝ ከላዩ የሚጠራቀመውን ይህን ደም አያስቀርም። ስለዚህ ጎዝ የተደረገለትም ሆነ ያልተደረገለት ታካሚ ይህን ጽዳት እኩል ይፈልጋል።

ጎዝ የግድ ሲያስፈልግ

ጎዝ የሚረዳባቸው ሁኔታዎች አሁንም አሉ። ከፍተኛ ደም ይፈሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የአጥንት ወይም የጥርስ ስብርባሪ ወደ ጉሮሮ ሊወድቅ ሲችል፣ ወይም ቱቦው አየር ቧንቧውን በደንብ ሳይዘጋው ሲቀር ባለሙያዎች ጎዝ ለማድረግ ሊወስኑ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ውሳኔው ለቡድኑ በሙሉ በድምፅ ይነገራል። ጎዙ በራጅ የሚታይ ክር ያለው ይሆናል፤ ጫፉ ከአፍ ውጭ ይተዋል፤ በታካሚው ግንባር ወይም በቱቦው ላይ ምልክት ይለጠፋል፤ ከቆጠራ ሰሌዳው ላይም ይጻፋል። ሲወጣ ሁለት ሰዎች አይተው ያረጋግጣሉ፤ ከሰሌዳው ላይ የሚሰረዘውም ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ማዕቀፍ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቡድኑ ቆም ብሎ ጮክ ብሎ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። በመጨረሻው ማረጋገጫ የመሣሪያና የጎዝ ቆጠራ ይጠየቃል፤ የጉሮሮው ጎዝ በዚያ ቆጠራ ውስጥ በስሙ መጠራት አለበት። በኢትዮጵያም የጤና ሚኒስቴር «ሳልትስ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን የደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ ይህ ዝርዝር ከንቅናቄው ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) ወይም ሌላ ዘመናዊ ክትትል በማይሟላበት ሆስፒታል ውስጥ አንድ የተረሳ ጎዝ የሚያደርሰው ጉዳት የከበደ ስለሚሆን የቆጠራው ዋጋ እዚያ የበለጠ ነው፤ ሰሌዳና ጠመኔ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይደሉም።

ለሳይነስ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ታካሚም ስለዚህ ጉዳይ ከአንገት በላይ ሐኪሙን ወይም የሰመመን ባለሙያውን የመጠየቅ መብት አለው። ጉሮሮዬ ውስጥ ጎዝ ይደረጋል ወይ? ከተደረገስ ለምንድን ነው? መውጣቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ከዚህ በፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወይም በመኪና ጉዞ አስመልሶት የሚያውቅ ከሆነ ያንን አስቀድሞ መናገሩ ከጎዙ ይልቅ ይረዳዋል፤ ባለሙያው ተስማሚውን ሰመመንና ማስመለስ መከላከያውን የሚመርጠው ከዚህ ተነሥቶ ነውና።